ካርዱ የት ላይ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ሰልፍ አይቶ በመጀመሪያ "ምን ሊታደል ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ጠግቦ ያደረ ነው። የከተማው ልጅ መጀመሪያ ቦታ ይይዛል። ጥያቄው የሚመጣው ከኋላው ሦስት አራት ሰው ከተደረደረ፣ ማለትም ቦታው ዋጋ ካወጣ በኋላ ነው። በደርግ ዘመን በቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ሰው ሳይኖር ሰልፍ ይኖር ነበር፤ ዘንቢል፣ ድንጋይ፣ ባዶ ጀሪካን ባለቤቱን ወክሎ ይሰለፋል። የሚታደለው ስኳር ይሁን ሳሙና ድንጋዩም ባለድንጋዩም አያውቁም።

አሁን ሰው የሚያሰልፈው ቀበሌ ብቻ አይደለም፤ አስተዋዋቂም ያሰልፋል። አንድ ቀን መገናኛ አካባቢ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች ድንኳን ተክለው፣ ድምፅ ማጉያ ከፍተው ትንንሽ እሽግ ያድሉ ነበር። ተሰለፍኩ። ከፊቴ የቆሙት አዛውንት ተራቸው ሲደርስ እሽጓን ተቀብለው፣ ከመነጽራቸው ራቅ ቀረብ አድርገው አዩዋትና፣

"ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?" አሉ።

"የፀጉር ማለስለሻ ነው፣ አባባ።"

አዛውንቱ ቆባቸውን አወለቁ። ከቆቡ ሥር ያለው ነገር ከለሰለሰ ቆይቷል።

"እንግዲያው ሁለት አድርጊልኝ" አሉ ቆባቸውን እየመለሱ፤ "አንዱ ቶሎ ያልቅብኛል።"

ልጅቷ ሳቀችና ሰጠቻቸው። እጇ ላይ በነበረው ወረቀትም ሁለት ጭረት አሰመረች። ያ ወረቀት ማታ ወደ አንድ ቢሮ ይሄዳል፤ እዚያ ጭረቱ ተደምሮ ቁጥር ይሆናል፤ ቁጥሩም በማግስቱ ስብሰባ ላይ "ይህን ያህል አዲስ ተጠቃሚ አፍርተናል" ተብሎ ይነበባል፣ ይጨበጨብለታል። ከዚያ ወዲህ "ይህን ያህል ሺህ ተከታይ አለው" የሚል ነገር በሰማሁ ቁጥር የአዛውንቱ መላጣ ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኛል።

ሰሞኑንም ድቅን ብሎብኛል፤ ያመጣብኝም የእህቴ ልጅ ነው። ልጁ ጸሐፊ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ በቴሌግራም ቻናሉ የሚያወጣው ተከታታይ ልብ ወለድ አለው፤ የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ፣ የአንድ ሽማግሌ ባቡር ነጂና ከቤት ኮብልሎ በዕቃ ፉርጎ የተሳፈረ የልጅ ልጅ ታሪክ ነው። ጥሩ ይጽፋል። ይህን የምለው ዘመዴ ስለሆነ አይደለም፤ ዘመድነቱማ እንዳላነበው የሚያደርገኝ ነበር። የዘመድ ጽሑፍ ያነበበ ሰው አስተያየት ይጠየቃል፤ እውነተኛ አስተያየት የሰጠ ሰው ደግሞ በበዓል የሚሄድበት ቤት ያንሰዋል።

አንባቢዎቹ ጥቂት ነበሩ። ግማሹ የክፍል ጓደኞቹ፣ ሩቡ እኛ፣ የቀረው ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ግን ማክሰኞ ማታ ከሰዓቱ ዝንፍ የማይል ሕዝብ ነበር። እኔ ያን የቀረውን ሕዝብ እወደው ነበር። ልጁ ግን አልበቃውም።

"ጋሼ፣ ጽሑፍ ብቻውን አይሄድም አሉኝ" አለኝ አንድ ቀን።

"እነማን?"

"የሚያውቁ ልጆች። መጀመሪያ ሜምበር ነው የሚሰበሰበው፤ ማንበቡ በኋላ ይመጣል።"

"በኋላ መቼ?"

"ሜምበሩ ሲሞላ።"

"የሚሞላውስ?"

ይህን የሚያውቁት ልጆች አልነገሩትም። ብቻ በማግስቱ ቻናሉ ላይ በትልልቅ ፊደል፣ በርችትና በስጦታ ሣጥን ሥዕል አጅቦ እንዲህ አለ፦ "ውድ ቤተሰቦች! በግል ሊንክዎ 10 ሰው ላስገባ የ50 ብር ካርድ! 20 ሰው ላስገባ የ100! ስክሪንሹት በውስጥ መስመር ይላኩ! ፈጣን ፈጣን!"

"ውድ ቤተሰቦች" የሚለው ቃል በእኛ አገር ሲነገር ሰው ኪሱን መዳበስ አለበት የሚል እምነት አለኝ። ይሁንና ቤተሰቡ መጣ። በሦስት ቀን ውስጥ ቻናሉ ሠርግ ቤት ሆነ፤ ያውም ሙሽራው ማን እንደሆነ የማያውቅ እንግዳ ምግቡ ጋ የሚጋፋበት ሠርግ ቤት። ያገለገለ ሶፋ የሚሸጥ መጣ። "ኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት መኝታ፣ ጀሞ" የሚል መጣ። በፎሬክስ ሀብታም ልታደርገን የመጣች ሴት መጣች፤ ፎቶዋ የማይገመት ቁንጅና አለው። "አስተማሪ ፈላጊ ነኝ፣ 12ኛ ክፍል ፊዚክስ" ያለ ልጅ መጣ፤ ለእሱ ብቻ አዘንኩለት።

ቴሌግራምን የምታውቁ እንደምታውቁት በየጽሑፉ ግርጌ ትንሽ ዓይን አለች። ከዓይኗ አጠገብ ያለው ቁጥር ጽሑፉ ስንት ጊዜ እንደታየ ይናገራል። ከቻናሉ ስም ሥር ያለው ቁጥር ደግሞ የአባሉ ብዛት ነው። እንግዲህ የላይኛው ቁጥር ሺዎችን ሲያልፍ ታችኛዋ ዓይን መቶ ሳትሞላ ቀረች። ሽልማት የሚታወጅበት ጽሑፍ ሲወጣ ብቻ ዓይኗ ትፈጥጣለች፤ ማክሰኞ ማታ ታሪኩ ሲወጣ መልሳ ትጨፈናለች። ልጁ ስልኩን በየአምስት ደቂቃው እያወጣ ያችን ዓይን ያያታል፤ ስንቱን ሺህ ሰብስቦ ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት።

እናቱ፣ ማለት እህቴ፣ ነገሩን በራሷ መንገድ ተረዳችው። "ካርድ ከምታድል ለምን ደውለህ አታነብላቸውም?" አለችው። ሒሳቡን ስሠራው አልተሳሳተችም፤ በ100 ብር ካርድ ለብዙ ሰው ደውሎ አንድ ምዕራብ ማንበብ ይቻላል።

ልጁ ግን ብልህ ነው፤ ብልሃቱን ወደ ሌላ አዞረው። ካርዱን ሰው ላስገባ ሳይሆን ላነበበ ሊሰጥ ወሰነ። እንዴት? የካርዱን ቁጥሮች ቆራርጦ ታሪኩ ውስጥ ደበቃቸው። ሁለቱ ቁጥር በሦስተኛው አንቀጽ፣ ሁለቱ በስድስተኛው፣ እንዲያ እንዲያ እያለ። ቀድሞ ያገኘ ኮከብ 805 ኮከብ ብሎ ይሞላዋል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ክፋቱ የባቡር ታሪክ መሆኑ ላይ ነው። የባቡር ታሪክ ቁጥር ይበዛበታል። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባበት 1909 አለ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው 784 ኪሎ ሜትር አለ። የፉርጎው ቁጥር አለ፣ የቲኬቱ ቁጥር አለ፣ የሽማግሌው ዕድሜ አለ።

የዚያን ማክሰኞ ዓይኗ ፈጠጠች። ሰው ታሪኩን እንደ ጤፍ ለቀመው። ለቅሞ ሲያበቃም ቁጥር ቁጥሩን ይዞ ቃላቱን መለሰለት። በግቢያችን እትዬ የምንላቸው ጎረቤት አሉ፤ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ሰምቼ አላውቅም። እሳቸው በማግስቱ በጠዋት በሩን አንኳኩ።

"ልጄ፣ ያያትየው የትውልድ ዘመን አይገባም አለኝ።"

"እትዬ፣ እሱ ካርዱ አይደለም፤ ታሪክ ነው።"

"ታሪክ ከሆነ ለምን በቁጥር ጻፍከው? ሦስት ጊዜ ሞልቼ ስልኩ 'ቆይተው ይሞክሩ' አለኝ። ባቡሩ የገባበትንም ሞክሬዋለሁ።"

በውስጥ መስመር የደረሱት አቤቱታዎችም ከዚህ አይሻሉም። "ኪሎ ሜትሩ ትክክል ነው ወይስ አሳስተህ ነው?" ያለ ነበር። አንዱ ደግሞ ትንሽ ተቆጥቶ "ቁጥሩን ብቻ ለይተህ ብትልክልን ጊዜ ይቆጥባል" ብሎ ጻፈ። ከዚህ የበለጠ ቅን የንባብ ሂስ አይቼ አላውቅም።

ለማጽናናት ያህል ታሪክ ነገርኩት፤ አጎት ሌላ ምን ይሰጣል? ይህ በሽታ በአንተ አልጀመረም አልኩት። እንግሊዝ አገር ጆርጅ ኒውንስ የሚባል ሰው ነበር። ከየቦታው የተለቃቀመ አጫጭር ወሬ፣ ቀልድና እውቀት የያዘ ሳምንታዊ ጋዜጣ ማውጣት ፈለገ፤ ገንዘብ የሚያበድረው አጣ። ምን አደረገ? ማንቸስተር ውስጥ አትክልት ብቻ የሚሸጥ ምግብ ቤት ከፈተ፤ በእኛ ቋንቋ ዓመቱን ሙሉ የጾም የሆነ ቤት ማለት ነው። ከሽሮውም ይሁን ከጎመኑ ባገኘው ትርፍ እ.ኤ.አ. በ1881 "ቲት-ቢትስ" የምትባለውን ጋዜጣ ጀመረ። (ጾምን ወደ ንግድ የለወጥን እኛ ብቻ የሚመስለን ካለን እርማችንን እናውጣ።)

ኒውንስ ሽልማት ላይ የዋዛ ሰው አልነበረም። በ1883 ለአንድ ውድድር አሸናፊ ለንደን ዳሊች ውስጥ ቤት ሸለመ፤ የእኛው ልጅ በ50 ብር ካርድ ላብ ላብ ሲለው ማለት ነው። ቤቱም በጋዜጣዋ ስም "ቲት-ቢትስ ቪላ" ተባለ። ሌላ ጊዜ የወርቅ ሳንቲሞች አስቀብሮ፣ የት እንዳሉ የሚጠቁመውን ፍንጭ በተከታታይ ልብ ወለድ ውስጥ ደበቀ። እዚህ ላይ ስደርስ የእህቴ ልጅ ቀና አለ፤ የሱን ሐሳብ ከ100 ዓመት በላይ አስቀድሞ የሰረቀው ሰው በማግኘቱ የተከፋም የተደሰተም መሰለኝ።

እኔ የምወደው ግን ኢንሹራንሱን ነው። ኒውንስ በባቡር አደጋ የሞተ ሰው ጋዜጣዋን ይዞ ከተገኘ ለወራሾቹ 100 ፓውንድ እከፍላለሁ አለ። ልብ አድርጉ፤ ይዞ ከተገኘ ነው የተባለው እንጂ አንብቦ አይደለም። በዚያ ዘመን 100 ፓውንድ ለሠራተኛ ቤተሰብ ከአንድ ዓመት ገቢ በላይ ነበር። ባሏ ባቡር ሊሳፈር ሲል እስከ በሩ ሸኝታ "ጋዜጣህን ይዘሃል?" የምትል ሚስት ትታየኛለች፤ ፍቅር ይሁን ሌላ ነገር አይለይም።

ኒውንስ ጋዜጣ ላይ ይጽፍ የነበረ አልፍሬድ ሃርምስወርዝ የሚባል ወጣት ይህን ሁሉ አይቶ ተማረና በ1888 "አንሰርስ" የምትባል የራሱን ጋዜጣ አቋቋመ፤ ኋላ "ዴይሊ ሜይል"ን የመሠረተው እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ "አንሰርስ" ዳገት ላይ ነበረች። በ1889 ውድድር አወጣ፦ በተወሰነ ቀን ሥራ ሲዘጋ የእንግሊዝ ባንክ ውስጥ የሚኖረውን የወርቅና የብር መጠን አስቀድሞ የገመተ ሰው ዕድሜ ልኩን በየሳምንቱ 1 ፓውንድ ያገኛል። ሐሳቡን ያገኘው በቴምዝ ወንዝ ዳር ካገኘው አንድ ለማኝ ነው ይባላል፤ ሰውየው ምን ቢኖርህ ደስ ይልሃል ቢባል በሳምንት አንድ ፓውንድ አለ አሉ። ከ700 ሺህ በላይ ግምት በፖስታ ጎረፈ። ያሸነፈው ወታደር ከትክክለኛው ቁጥር የራቀው በ2 ፓውንድ ብቻ ነበር፤ እትዬ ይህን ቢሰሙ የካርድ ቁጥር ገምተው መሙላታቸውን አያቆሙም።

ዋናው ብልሃት ግን 1 ፓውንዱ አልነበረም። ግምቱን የሚልክ ሰው ከቤተሰቡ ያልሆኑ፣ አብረውት የማይኖሩ አምስት ምስክሮች ማስፈረም ነበረበት። 700 ሺህ ሰው አምስት አምስት ሰው ጋ ሄዶ "እስቲ ፈርምልኝ" ሲል፣ "ምንድን ነው?" ሲባል፣ "አንሰርስ የምትባል ጋዜጣ አለች" ብሎ ሲያስረዳ አስቡት። ሦስት ሚሊዮን ተኩል ፊርማ ነው። ሃርምስወርዝ ለአንድ ሰው በሳምንት 1 ፓውንድ እየከፈለ 700 ሺህ ደሞዝ የለሽ ሠራተኛ ቀጠረ። በግል ሊንክዎ 10 ሰው ያስገቡ የሚለው ነገር አያቱ እዚህ ነው ያለው።

ልዩነት ግን አለው፤ ልጁም ወዲያው ያዘው። ያ ምስክር የሚፈርመው ፊት ለፊት ቆሞ፣ ጠይቆ፣ ወሬ ተለዋውጦ ነው። የእኛው 10 ሰው ግን እነማን እንደሆኑ ያስገባቸውም አያውቅም። አንዱ አሸናፊ ሲጠየቅ ያስገባቸው 10 ስልኮች የራሱ፣ የወንድሞቹና የሚሠራበት ሞባይል ጥገና ቤት ለጥገና የመጡ ስልኮች ሆነው ተገኙ። ለጥገና የመጣ ስልክ ማክሰኞ ማታ ልብ ወለድ አያነብም።

እንግሊዞቹም ቢሆኑ ነገሩ እየቆየ ከእጃቸው ወጥቷል። በ1904 "ዊክሊ ዲስፓች" የተባለው የሃርምስወርዝ ሌላ ጋዜጣ ሀብት ቀበርኩ ብሎ ሕዝቡን ለቀቀው፤ ሕዝቡ አካፋውን ይዞ መንገድና መናፈሻ ቆፈረ፣ ፍርድ ቤት የቀረበም ነበር። በ1930ዎቹ ደግሞ የለንደን ጋዜጦች ደጅ ለደጅ የሚዞር ሰው እየቀጠሩ፣ ለተመዘገበ አንባቢ ልብስ፣ ድስት፣ መዝገበ ዕውቀት፣ የቻርልስ ዲከንስን ሙሉ ሥራዎች ሳይቀር በርካሽ ያቀርቡ ነበር። አንድ የዌልስ ቤተሰብ ለስምንት ሳምንት "ዴይሊ ኤክስፕረስ" በመመዝገብ ብቻ ከእግር እስከ ራሱ ይለብሳል ይባል ነበር። ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ቤተሰቡ ወዴት እንደዞረ መገመት አያቅትም፤ ሌላው ጋዜጣ ጫማ እያደለ ነበር።

ስለ ሽልማት ይህን ያህል ካልን፣ ሁለተኛው መላ ደግሞ በሩን ማቅለል ነው፤ ምዝገባን እንደ ማስነጠስ ማፍጠን። "1 ብለው ብቻ ይላኩ።" እዚህ ላይ ምስክሬ አማቴ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባዎቹን አጋምሷል፤ ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው፤ መነጽራቸው ሁልጊዜ ሌላ ክፍል ነው። አንድ ቀን መኪና ሊሸለሙ እንደሚችሉ የሚገልጽ መልእክት ደረሳቸውና 1 ብለው ላኩ። በበሬው ላይ አልፈርድም፤ ሳሩ በእውነት ለምለም ነበር። መኪናው አልመጣም። የመጣው በየቀኑ ጥቂት ብር እየቆረጠ የሚገባ የጤና ምክር ነው፤ የጤና ምክሩም የነፍሰ ጡር ነው። "ውድ እናት፣ በዚህ ሳምንት ልጅዎ የሎሚ ፍሬ ያህላል።" አማቴ መጀመሪያ ላይ ለማን እንደተላከ ስላልገባቸው ለሴት ልጆቻቸው በየተራ ደወሉ። በቤቱ ትልቅ ግርግር ተነሣ፤ እኔና ባለቤቴም ተጠርጥረን ነበር።

ለማቆም የሚላከው ቃል በላቲን ፊደል ነው። እሳቸው የሚያውቁት የፊደል ገበታን ነው። "አቁሙ" ብለው ላኩ። "የላኩት መልእክት ትክክል አይደለም" ተባሉ። "እባካችሁ ይብቃ" ብለው ላኩ። አሁንም ትክክል አይደለም። በመጨረሻ "ስለ ወላዲተ አምላክ ተዉኝ፤ ወንድ ነኝ" ብለው ላኩ፤ በማግስቱ "ውድ እናት" የሚል መጣ። ሰባተኛው ወር ላይ ሲደርሱ የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት መጥቶ በአራት ፊደል አስቆመላቸው። በዚያ ቀን ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ ገንፎ ቀረሽ ድግስ ሆነ፤ ሁላችንም እየገባን "እንኳን ማርያም ማረችዎት" አልናቸው።

ይህም የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኮሎምቢያ ሪከርድ ክለብ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1955 የተቋቋመ የሙዚቃ ማኅበር ነበር። ኋላ ላይ በስመ ጥሩ ማስታወቂያው በአንዲት ሳንቲም አሥራ ምናምን ሸክላ ይልክ ነበር። ከዚያ አልፈልግም ብለህ ካልጻፍክ በየወሩ ሌላ ሸክላ በሙሉ ዋጋ ይመጣልሃል፤ ዝም ማለትህ እሺ ማለት ነው። ነገሩ ስለበዛ የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን በ1970ዎቹ ደንብ አወጣለት። ሰዉም ደግሞ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ በፈጠራ ስም እየተመዘገበ ባለ አንድ ሳንቲሙን ሸክላ ደጋግሞ ይወስድ ነበር። አንዱ ወገን ስም ቆጥሮ ደንበኛ አለኝ ይላል፤ ከስሙ በስተጀርባ ግን ውሻ ሊኖር ይችላል። እኔ በዚህ ሁሉ የምፈርደው በአንድ ነገር ነው፦ አንድ ሰው ደንበኛዬ ነው የምትለው፣ የመውጫው በር ከመግቢያው እኩል ተከፍቶ ሳለ ሳይወጣ ሲቀር ነው። አማቴ የነፍሰ ጡር ምክር ደንበኛ አልነበሩም፤ እስረኛ ነበሩ።

በእኛ አገር ቀላል በር ማለት ለእኔ አራት ኪሎ ነው። የፕሬስ አዋጁ በጥቅምት 1985 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጣ እንደ እንጉዳይ ሲፈላ፣ ገዝቶ የሚያነብ አቅም ግን አብሮ አልፈላም። አከራዮች ተነሡ። በሳንቲም ከፍለህ፣ ድንጋይ ላይ ወይም የሕንፃ ደረጃ ላይ ተቀምጠህ፣ አንብበህ፣ አጥፈህ ትመልስ ነበር። ሥራ ፈላጊው ከጀርባ ያለውን ክፍት የሥራ ቦታ ያነብ፣ ጡረተኛው ከፊት ያለውን ፖለቲካ ያነብ፣ እግር ኳስ ወዳዱ መሐሉን ይጠይቅ ነበር። አንዳንድ አከራይ ሦስቱን በአንድ ጊዜ ከአንድ ጋዜጣ ሲያስተናግድ አይቻለሁ፤ ገጹን ገነጣጥሎ ነው። መመዝገቢያ የለ፣ ስልክ ቁጥር የለ፣ ሽልማት የለ። እንዲያውም አንባቢው ነበር የሚከፍለው። ለአሳታሚው የሚደርሰው የአንዲቷ ጋዜጣ ዋጋ ብቻ ነበር፤ በሱ መዝገብ ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው ነበር።

ከዚያም በፊት ብንሄድ ነገሩ ያው ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አንድሪያስ ካቫዲያ የተባለ ግሪካዊ "አእምሮ"ን ሲጀምር በእጅ እየጻፈ 24 ቅጂ ነበር የሚያወጣው። 24! የእህቴ ልጅ ቻናል በመጀመሪያው ቀን ከዚያ በላይ ነበረው። ግን እስቲ አስቡት፤ በዚያ ቤተ መንግሥት አንዲት ቅጂ ስንት እጅ ትዞራለች፣ ማንበብ የማይችለው መኳንንት ማንበብ የሚችለውን ጸሐፊ አስቀምጦ ስንት ሰው ከቦ ይሰማል። ከቅጂዎቹ ግርጌ ዓይን አልነበረችም፤ ብትኖር 24 ትል ነበር።

ይህን ሁሉ ነግሬው ስጨርስ ልጁ ሽልማቱን አቆመ፤ የኔ ንግግር ይሁን የኪሱ መድረቅ አልጠየቅሁም። ካርዱ ሲቆም ሶፋ ሻጩም፣ ፎሬክሷም፣ ኮንዶሚኒየሙም ቀስ በቀስ ወጡ። የፊዚክስ አስተማሪ ፈላጊው ቀረ፤ አስተማሪ አግኝቶ ይሁን ታሪኩን ወዶ አይታወቅም። ቁጥሩ በየቀኑ ሲወርድ ልጁ ፊቱ ይገረጣል። እኔ ደግሞ የማክሰኞዋን ዓይን አያታለሁ፤ እሷ ንቅንቅ አላለችም።

ባለፈው እሁድ እትዬ ቡና አፍልተው ጠሩን። እዚያ ስንደርስ ስድስት ሰባት ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። የእትዬ የልጅ ልጅ፣ ስልኩን ይዛ፣ በትምህርት ቤት አነባበብ ጮክ ብላ ታነባለች። የምታነበው የባቡሩን ታሪክ ነው። ልጁ በር ላይ ደርቆ ቀረ። እኔ ገፋ አድርጌ አስገባሁት።

"መጣህ?" አሉት እትዬ፤ እጣኑን ወደ ፍሙ እየጨመሩ። "ያ ልጅ አዋሽ ጣቢያ ላይ ከፉርጎው ሲወርድ ምነው አያቱ አላየውም? አጠገቡ ነበር እኮ!"

"እትዬ፣ ገና ነው፤ የሚቀጥለው ማክሰኞ ..."

"አንተ ልጅ፣ እንዳታስገድለው ብቻ" አለች አንዷ ከጥግ። ሌላዋ ሽማግሌው ኩራተኛ ነው እንጂ አይቶታል፣ አውቆ ነው ብላ ተከራከረች። ክርክሩ እስከ ሁለተኛው ስኒ ቆየ። ልጁ በዚህ መሐል በጎኑ ስልኩን አውጥቶ ሰረቅ አድርጎ ሲያይ ያዝኩት። ገባኝ፤ ያ ቤት ሙሉ ሰው በሱ ቻናል ላይ አንድ ዓይን ነበር። አላስቻለውም።

"እናቶች" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ስልክ ያላችሁ ሁላችሁም ቻናሉ ውስጥ ብትገቡልኝ እኮ ... አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ እኔ ራሴ አስገባችኋለሁ።"

"ለምን?" አሉ እትዬ። "እየሰማን አይደል?"

"እሱማ ... ቁጥሩ እንዲታወቅ ነው።"

እትዬ ሲኒውን ሞልተው አቀበሉት፤ ከዚያ ሴቶቹን በዓይናቸው ቆጠሩ፤ እንደ ነጋዴ አሰቡ።

"ካርድ ከሆነ በቃኝ" አሉ። "ያንተ ካርድ አስቸግሮኛል። አንድ አንድ ኪሎ ስኳር ከሆነ ግን ቁጭ ብለን እንነጋገር።"